ፓምፕ አይስብም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ አንድ ጸሐፊ፣ ሕዝቡ ጄሪካን ይዞ ሲሰለፍ በየግቢያቸው መዋኛ ገንዳ የሚያስቆፍሩ ሰዎችን ክፉኛ ወቅሰው ነበር። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ማታ ደግሜ ሳነበው አፈርኩ፤ ከተወቃሾቹ አንዱ እኔ ነኝና። በሦስተኛው ቀን ግን ጸሐፊው በሽታውን በትክክል አይተው መንስኤውን እንደሳቱት ገባኝ። በወጉ የተሠራ ገንዳ አንዴ ከሞላ በኋላ ያንኑ ውሃ እያጣራ ለዓመታት ይኖራል። የእኛን ገንዳ እንደ ቦይ ያደረገው ሲሠራ የተረሳ አንድ የ50 ሚሊሜትር ቧንቧ ነው። ስለዚያ ቧንቧ እንድጽፍ ቦታ ስጡኝ።

ገንዳው የራሴ አይደለም። በመምህር ጡረታ ገንዳ አይቆፈርም። እኔ 34 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ በጠመኔ የነጣ ጣት ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ግን በሰው አገር ለፍቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ቤት ሠራና፣ ልጆቹ ክረምት ክረምት ሲመጡ የሚዋኙበት ገንዳ ይኑር አለ። ጣና ከበራችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ይሁንና በዳርቻው ብልሃርዝያ እንዳለ የማያውቅ የባሕር ዳር ወላጅ የለም። ወንድሜ በመጣ በሁለት ወሩ ተመለሰ፤ ቁልፉም፣ ዘበኛውም፣ ገንዳውም በእኔ እጅ ቀሩ።

ገንዳው 8 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ከ10 ተነሥቶ እስከ 1 ሜትር ከ70 ይወርዳል። ሲሞላ ወደ 45 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሲቆጠር 2,240 ጄሪካን መሆኑ ነው። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የቧንቧውን ሥራ የሠራው ልጅ ተማሪዬ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አልነበረም። 9ኛ ክፍል ስለ አየር ግፊት ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ገንዳው ወለል መሃል ላይ አንድ የውሃ መሳቢያ አደረገ፤ ሌላ ምንም የለም። ግድግዳው ላይ ከውሃው ፊት ቅጠልና አቧራ የሚሰበስበው ስኪመር የሚባለው ሳጥን የለም፤ የወለሉን ደለል ወደ ፓምፑ የሚወስደው መጥረጊያ ጎማ የሚሰካበት ቀዳዳም፣ ከቀዳዳው የሚነሣው ያ የ50 ሚሊሜትር ቧንቧም የለም። ፓምፑንና የአሸዋ ማጣሪያውን ድምፁ እንግዳ እንዳይረብሽ ብሎ ከቤቱ ጀርባ ሮቶው አጠገብ ተከላቸው፤ ከገንዳው 18 ሜትር ርቀው፣ ከውሃው ፊት 2 ሜትር ከፍ ብለው። ሁለቱን ያገናኘው ደግሞ ከቤቱ ሥራ በተረፈ የ32 ሚሊሜትር ቧንቧ ነው። በመንገዱ ላይ ዘጠኝ ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ቆጥሬያለሁ፤ ሁሉም ቀጥ ብለው የሚታጠፉ።

«ቧንቧው አይቀጥንም?» አልኩት።

«መምህር፣ አያስቡ። ፓምፑ ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ነው፤ ይስበዋል» አለኝ።

እኔም ዝም አልኩ። ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ብንሆን ኖሮ «ይስበዋል» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እጨቃጨቅበት ነበር።

ፓምፕ ውሃ አይስብም። ውሃን ከሩቅ የሚይዝበት እጅ የለውም። የሚያደርገው ከፊቱ ያለውን ቦታ ማጉደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ከገንዳው ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ውሃውን ወደ ጎደለው ቦታ ይገፋዋል። ሸምበቆ ይዞ ጠላ የሚመጥጥ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዋግምት የነቀለ ያውቃል፤ ቀንዱ ቆዳውን የሚያሳብጠው ስቦ አይደለም፣ በውስጡ አየር ስላነሰና ውጭ ያለው ስለበለጠ ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1643 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜርኩሪ በሞላው የመስታወት ቱቦ ያሳየው ይህንን ነበር። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ሜርኩሪን 76 ሴንቲ ሜትር ያቆማል፤ ውሃን ደግሞ 10 ሜትር ከ30 ገደማ። ከዚያ በላይ ፓምፑ የመቶ ፈረስ ጉልበት ቢኖረው አንዲት ጣት አይጨምርም።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ጉዳይ ይመጣል። ስማችን ባሕር ዳር ቢሆንም ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው የተቀመጥነው። በላያችን ያለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ጎድሏል። የቶሪቼሊ ሜርኩሪ እኛ ዘንድ ቢቆም 61 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀር ነበር፤ ውሃውም 8 ሜትር ከ30 አካባቢ። ባለቤቴ ይህን ያለ ቶሪቼሊም ታውቀዋለች፤ ባሕር ዳር ውስጥ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ ባቄላው ድስት ውስጥ ይቆያል። ፓምፕ አምራቾች በወረቀታቸው ላይ የሚጽፉት የመሳብ ከፍታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ገዢው ወረቀቱን አይቶ ይገዛል፤ የጎደለውን አንድ አምስተኛ የሚነግረው የለም።

ሒሳቡን አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ፓምፑ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያዞር የተገዛ ነው። ካለን 8 ሜትር ከ30 ውስጥ 2 ሜትሩ ለከፍታው ይሄዳል፤ ለብ ያለ ውሃ የሚያተነው እንፋሎትም የድርሻውን ጥቂት ይወስዳል፤ የሚቀረው 6 ሜትር ነው። ያን ያህል ውሃ በ32 ሚሊሜትር ቧንቧ 18 ሜትር ለማሳለፍ ግን ሰበቃው (ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር መፋተጉ) ብቻ ከ12 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ጎሚቶዎቹ ሳይቆጠሩ። 6 ብር ይዞ የ12 ብር ዕቃ መግዛት ማለት ነው። ያው መንገድ በ63 ሚሊሜትር ቧንቧ ቢሆን ኖሮ የሚፈልገው ግማሽ ሜትር አይሞላም ነበር። ለዕቃው የተቆጠበው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ለመናገር አፍራለሁ።

ፓምፑ የሚገፋለትን ውሃ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ያጉረመርማል። ውሃው በሆዱ ውስጥ ያለ እሳት ይፈላል፤ የፈላበት አረፋ ወዲያው ሲከስም ተሽከርካሪውን (ውሃውን የሚገፋውን የፓምፑን ዘዋሪ ክንፍ) እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ዓመት ሳይሞላው አስፈትቼ ሳየው ተሽከርካሪው ነቀዝ የፈጀው ባቄላ መስሎ ነበር።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ማጣራቱን በተመለከተ ነው። ማጽዳቱ ከዚያ ይብሳል። በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው ቀይ አቧራ፣ በሚያዝያ የጃካራንዳው አበባ፣ ማታ መብራት ዓይተው ከሐይቁ የሚመጡት ደቃቅ ነፍሳት ሁሉም የሚያርፉት ገንዳው ላይ ነው። ስኪመር ስለሌለ ፊቱ ላይ አይያዙም፤ ሰጥመው ወለሉ ላይ ደለል ይሆናሉ። ደለሉ ሲሰነብት ዋቅላሚ (አልጌ) ያበቅላል፤ ወለሉ ያሟልጫል። መጥረጊያ ጎማ የሚሰካበት ቀዳዳ ስለሌለ ደግሞ የነበረን አንድ መላ ነው፤ ውሃውን በሙሉ ማፍሰስ፣ በረኪና ረጭቶ በመጥረጊያ መፈግፈግ፣ እንደገና መሙላት። በየስድስት ሳምንቱ 2,240 ጄሪካን ወደ ቦይ።

አንድ ቀን ማለዳ ውሃው በአጥሩ ሥር እየተንደቀደቀ ሲወጣ የጎረቤታችን ሴት ሁለት ቢጫ ጄሪካን ይዛ ቆማ ታየዋለች።

«መምህር፣ ይህን ሁሉ ውሃ ለምን ያፈሱታል?»

«ቆሽሾ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዘገነችና አየችው። «የቆሸሸው ወለሉ ነው እንጂ ውሃው ምን አደረገ?»

ወቃሹን ጸሐፊ ሳነብ ያሳፈረኝ የእሷ ጥያቄ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የገንዳ አሠራርን ሁሉ ተናግራዋለች፤ ወለሉ ከቆሸሸ ወለሉን አጽዳ፣ ውሃውን ተወው።

ትምህርቱ የገባኝ ግን ከእሷ አይደለም፤ ውሃ የገባበትን ነገር ወደ ላይ ይገፋል ካለው ከአርኪሜዲስ ነው፣ ያውም በዱላ። በ2014 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ ገንዳው ንጹሕ ሆኖ ይዋል ብዬ አስፈሰስኩት። ክረምቱ ሙሉውን ዘንቦ መሬቱ ጠግቧል፤ ጣና በየዓመቱ ከፍ የሚለውም በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሐይቁ አፍ ላይ ነን። ማታ የደረቀ ወለል ትቼ ሄድኩ። ጠዋት ዘበኛው በር ላይ ጠብቆኝ «ገንዳው አብጧል» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ስገባ መሃሉ ላይ ሸክላዎቹ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተገንጥለው፣ ወለሉ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ጥርት ያለ የከርሰ ምድር ውሃ ብቅ ብቅ ይላል። ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 800 ኪሎ ወደ ላይ ይገፋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ወለል ግን ከ500 ኪሎ አይበልጥም። ገንዳውን መሬት ላይ ይዞት የኖረው እኛ በየስድስት ሳምንቱ የምንደፋው ውሃ ራሱ ነበር። ይህን 34 ዓመት አስተምሬ የረሳሁ ሰው ነኝ። በሐይቁ ዳርቻ የምትኖሩ ባለ ገንዳዎች ሌላውን ሁሉ ብትረሱ በክረምት ማብቂያ ገንዳ አታድርቁ።

ወንድሜ በስልክ ተቆጣ፤ ከዚያ ገንዘብ ላከ። ወለሉ መፈረሱ ካልቀረ ቧንቧውንም እንደ አዲስ እናድርገው ተባለና ያንኑ ተማሪዬን ጠራሁት። መጣ፣ የተቦረቦረውን ተሽከርካሪ በእጁ እያገላበጠ አየው፣ «መምህር፣ እንደገና ያስተምሩኝ» አለ። የወደድኩለት ይህን ነው።

የሠራነውን ልናገር፤ ገንዳ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል። መጀመሪያ ፓምፑን ከከፍታው አወረድነው። ከገንዳው 4 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው ፊት እኩል በሆነ ክዳን ባለው ጉድጓድ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፤ ጎርፍ እንዳይገባበት አፉን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ከሥሩም ማፍሰሻ አበጅተን። ሦስት የመሳቢያ መንገዶች ለየብቻቸው እስከ ፓምፑ ክፍል ድረስ መጡ፤ ከስኪመሩ አንድ፣ ከወለሉ አንድ፣ ከመጥረጊያው ቀዳዳ አንድ፤ ሁሉም 50 ሚሊሜትር። ፓምፑ አጠገብ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቫልቭ አላቸው፤ ከቫልቮቹ በኋላ ወደ አንድ የ63 ሚሊሜትር ቧንቧ ይገባሉ፤ ፓምፑ አፍ ላይም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቧንቧ ተውን፣ ውሃው ሳይዞር ሳይናጥ እንዲገባ። ቀጥ ብሎ የሚታጠፈውን ጎሚቶ ትተን ዘርጋ ብሎ የሚዞረውን ተጠቀምን። ከመንገዱ ላይ የማይመልስ ቫልቭ ገባበት፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው ወደ ገንዳው ሸሽቶ ፓምፑ መብራት ሲመጣ በደረቁ እንዳይዞር ነው። መብራት እንደሚጠፋ ለባሕር ዳር ሰው አላስረዳም።

የመጥረጊያው ቀዳዳ የት ይሁን የሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። ተማሪዬ ለፓምፑ የሚቀርበው አጭሩ ግድግዳ ላይ ይሁን አለ። እኔ ገመድ አምጥቼ ለካሁለት። አጭሩ ግድግዳ ጥግ ላይ ከተሰካ ጎማው ወዲያኛው ጥግ ለመድረስ ወለል ለወለል ብቻ 9 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ረጅሙ ግድግዳ መሃል ላይ ከሆነ ግን ከ6 ሜትር በታች ይበቃዋል። ጎማው ባጠረ ቁጥር ሰበቃው ያንሳል፤ ለእኛ አየር ደግሞ እያንዳንዱ ሜትር ዋጋ አለው። ስለዚህ ረጅሙ ግድግዳ መሃል፣ ከውሃው ፊት 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተተከለ። ቧንቧዎቹ ሳይቀበሩ በውሃ ሞልተን በግፊት ቀንና ሌሊት አሳደርናቸው። ግንበኛው አፈር ልመልስ ብሎ ሲቸኩል አካፋውን ቀምቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

በመሳቢያ ቧንቧ ላይ ያለ ቀዳዳ ሌባ መሆኑን አትርሱ። ፓምፑ ሲሠራ ጠብ የሚል ውሃ አታዩም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ውሃ ወደ ውጭ አያወጣም። የሚታወቀው ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውሃ ውስጥ በሚንተከተክ አረፋ ነው። እኛም በመጀመሪያው ሳምንት አረፋ አየን። ተማሪዬ ሊፈታታ መፍቻ ሲያነሣ እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ መጣሁና በየመገጣጠሚያው ላይ ውሃ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። የፓምፑ ቅርጫት ክዳን ላይ ስደርስ አረፋው ቆመ፤ ቀዳዳው ለአንድ አፍታ አየር ትቶ ውሃ ጠጣ ማለት ነው። የጎማ ቀለበቱ ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ተቀምጣለች። ጠርገን፣ የሲሊኮን ቅባት ቀባን፣ አለቀ።

አሁን ወለሉን የምጠርገው ራሴ ነኝ፤ ዘበኛው ስለሚቸኩል አላምነውም። ማታ ፓምፑን አጠፋለሁ፤ ሌሊቱን አቧራው ይረጋል። ጠዋት ባለ ጎማ እግሩን መጥረጊያ ራስ በአሉሚኒየሙ ዘንግ ላይ እሰካና ባለ 38 ሚሊሜትሩን ጎማ አያይዤ ቀስ ብዬ ወለሉ ላይ አሳርፈዋለሁ። ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎማው ውስጥ ያለው አየር ሳይወጣ ከተሰካ ፓምፑ ያንኑ አየር ጎርሶ ይቆማል። ስለዚህ ፓምፑን አስነሥቼ የጎማውን ሌላ ጫፍ ንጹሕ ውሃ ወደ ገንዳው በሚመለስበት አፍ ላይ እደግነዋለሁ፤ ውሃው በጎማው ሲሮጥ ወለሉ ላይ ካለው ራስ ሥር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ እንቁላል ትልልቅ ነው፤ ከዚያ እንደ ሽንብራ፤ ከዚያ ይቆማል። የሚቆምባት ቅጽበት ናት። ጫፉን ከውሃ ሳላወጣ በመዳፌ ከድኜ ወደ ግድግዳው ቀዳዳ አሻግሬ እሰካዋለሁ፤ ከዚያ የስኪመሩን ቫልቭ ቀስ በቀስ እዘጋለሁ፣ የመጥረጊያውን እከፍታለሁ። ራሱ ወለሉን ያዝ ሲያደርግ ዘንጉ በእጄ ላይ ይከብዳል።

ከዚያ አካሄዱ እናቴ ወለል ስትለቀልቅ የነበረው አካሄድ ነው፤ በዝግታ፣ አንዱን ዕርምጃ በሌላው ላይ ትንሽ እያደረቡ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። የቸኮለ ሰው አቧራውን አስነሥቶ ገንዳውን ቡና ያስመስለዋል። ዋቅላሚ ሞቶ እንደ ዱቄት ሲተኛ ግን በማጣሪያው አላሳልፈውም፤ አሸዋው ደቃቁን አይዝም፣ በአንዱ በኩል የገባው በሌላው ይመለሳል። ፓምፑን አጥፍቼ የማጣሪያውን ባለ ስድስት አቅጣጫ ቫልቭ ወደ ማፍሰሻ አዞራለሁ (ፓምፑ እየሠራ ያንን እጀታ የሚያዞር ሰው ቫልቩን ይሰብራል)፤ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ውጭ ይሄዳል። ለሩብ ሰዓት የሚወጣው ውሃ 125 ጄሪካን ገደማ ነው፤ እሱንም በርሜል ውስጥ አሰንብቼ ለማንጎዎቹ እሰጣለሁ። በተለመደው ሳምንት በማጣሪያ አሳልፌ አሸዋውን ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ሳጥበው የማወጣው 25 ጄሪካን ነው። ወለሉ ከተጠገነ ወዲህ ገንዳው አንድም ቀን ተራግፎ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የራሴን ጥፋት ልዝለል ብዬ ነበር፤ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠርጌ ጨርሼ ጎማውን ነቀልኩ፤ የቀዳዳውን ክዳን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቡና ተጠርቼ ገባሁ። ቫልቮቹን አልመለስኩም። ፓምፑ የሚያገኘው ውሃ በሙሉ በዚያች ክፍት ቀዳዳ ነው ማለት ነው። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወደ ውሃው ወርዳ «አያቴ፣ ግድግዳው ያዘኝ» ብላ ጮኸች። ክንዷ ቀዳዳው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሮጬ ማጥፊያውን እስክመታ ስንት ሰኮንድ እንደሆነ አላውቅም። ክንዷ ሲላቀቅ ዋግምት የተደረገላት ይመስል ክብ ቀይ ምልክት ቀርቶበታል። እሷ ከአንድ ሰዓት በኋላ ረሳችው። እኔ ግን ያን ሳምንት የግድግዳውን ክዳን አስወጥቼ በራሱ በሚዘጋ ባለ ሞላ ክዳን አስቀየርኩት፤ ማጥፊያውንም ከፓምፑ ክፍል አውጥቼ ከገንዳው አፍ የሚደረስበት ቦታ አስተከልኩት።

የወለሉ መሳቢያ ከዚህ እጅግ ይከፋል፤ የመጀመሪያው ገንዳችን አንድ ብቻ እንደነበረው አስታውሱ። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሳቢያ ላይ አንድ ሕፃን ጀርባውን ቢያሳርፍና ፓምፑ የአየሩን ሲሶ ብቻ ቢያጎድል፣ ሕፃኑን ወለሉ ላይ የሚጫነው ኃይል ከ85 ኪሎ በላይ ነው። ኩንታል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ጤፍ ማለት ነው። አባት ጠልቆ ጎትቶ አያላቅቀውም። በአሜሪካ በ2002 በእነሱ አቆጣጠር ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ በሙቅ ውሃ ገንዳ መሳቢያ ተይዛ ሞታለች፤ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች። በ2007 በስሟ ሕግ ወጣ። ከዚያ ሕግ ለእኛ የሚጠቅመው ቀላል ነው፤ ክዳኑ ሰውነት ሊደፍነው የማይችል ጉብ ያለ ይሁን፤ መሳቢያው አንድ ከሚሆን ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት መሳቢያዎች በአንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ይገናኙ፤ ቲው በሁለቱ መካከል ይሁን፣ በየመካከላቸው ቫልቭ አይግባ። አንዱ ቢደፈን ውሃው በሌላው ይመጣል፤ የተያዘው ልጅ ይላቀቃል። የእኛ አሁን በ1 ሜትር ከ20 ይራራቃሉ። ለዚህ የጨመርነው አንድ ክዳን፣ አንድ ቲና ጥቂት ቧንቧ ነው።

ገንዳችሁ አስቀድሞ ለተሠራ፣ ኮንክሪት ስበሩ አልልም። ስኪመር ካላችሁ ከቅርጫቱ በላይ የሚቀመጥ ሳህን የመሰለ ክዳን አለ፤ የመጥረጊያው ጎማ መሃሉ ላይ ይሰካል፣ ቅጠሉ ቅርጫቱ ውስጥ ይቀራል። ለብቻው ቧንቧ ያለውን ያህል ባይመችም ውሃ ከማፍሰስ ያድናል። በወለላችሁ ላይ አንድ መሳቢያ ብቻ ካለ ግን ጉብ ያለው ክዳን እስኪገባ ድረስ ቫልቩን ዘግታችሁ በስኪመሩ ብቻ አዙሩ። ሌላ መሳቢያ ከሌላችሁ ልጅ ውሃ ውስጥ ሳለ ፓምፑን አታስነሡት።

የግንባታ ፈቃድ የሚመለከቱ ሰዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። የገንዳ ፕላን ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ወለሉ ላይ ስንት መሳቢያ እንዳለ ቁጠሩ፤ መጥረጊያው በየት እንደሚሰካ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ባለቤት ገንዳውን እያፈሰሰ እንደሚያጸዳ እወቁ። ወቃሹ ጸሐፊም ቢሆኑ ብዕራቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት ደስ ይለኛል። የቧንቧውን ንድፍ በእጄ ሥዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፤ የፈለገ ሰው ከእናንተ ዘንድ ይገልብጥ።

ተማሪዬ ከዚያ ወዲህ ሥራው ሰፍቶለታል። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ታቦር ደወለልኝ፤ አንድ ሰው ገንዳ ሊያሠራ ጉድጓድ አስቆፍሯል።

«መምህር፣ እዚህ አየሩ ስንት ሜትር ይገፋል?»

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁና «7 ሜትር ከ40 ያህል» አልኩት።

«ያንሳል!» አለ። «በሉ እንግዲያው ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ዝቅ አድርጌ ላስቆፍር።»

ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር
ባሕር ዳር